ስለ ሚናማታ ከተማ ጽዳትና ዕርቅ

የአንድ ከተማ ጽዳት ሲነሣ፥ ቀድሞ ወደ አእምሮአችን የሚመጣው መጥረጊያና የቆሻሻ መኪና፥ የማዘጋጃ ቤቱ በጀትና ሠራተኛ ነው። ወንዙ ቢሸት፥ ቦዩ ቢደፈን፥ ገንዘብ ሲገኝ ይጠረጋል እንላለን። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንነሣ አሳባችን ከዚህ የራቀ አልነበረም። ነገር ግን በጃፓን ሀገር የምትገኘውን የሚናማታን ትንሽ ከተማ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ በተከታተልን ጊዜ፥ በገንዘብና በመሣሪያ ሊጸዳ የሚችለው የከተማው አንዱ ወገን ብቻ መሆኑን፥ ሌላው ወገን ግን ሰው በደሉን አምኖ ከጐረቤቱ ጋር ካልታረቀ በቀር የማይጸዳ መሆኑን ተረዳን። ስለዚህ የከተማዪቱን ነገር ለአንባቢዎቻችን በተራ እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሚናማታ በጃፓን ደቡብ፥ ኪዩሹ በምትባለው ታላቅ ደሴት፥ በኩማሞቶ አውራጃ ትገኛለች። ከኋላዋ በዛፍ የተሸፈነ ተራራ፥ ከፊቷ የሺራኑይ ባሕር አለ። ይህ ባሕር በደሴቶች የታጠረ ስለሆነ ማዕበሉ ጸጥ ያለ፥ ዓሣውም የበዛ ነበር፤ በዳርቻው የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆችም ዓሣን እንደ ዕለት እንጀራቸው ጧትና ማታ ይመገቡት ነበር። በ1908 ዓ.ም. በዚያ የካርባይድ ፋብሪካ ተተከለ፤ ባለቤቱም ኋላ ቺሶ በሚል ስም የታወቀው ኩባንያ ነው። ከዚያ ወዲህ በእርሻና ዓሣ በማጥመድ ይኖር የነበረው ሕዝብ ልጆቹን ወደ ፋብሪካው ይሰድ ጀመር። መንደሪቱ አደገች፥ ከተማም ተባለች፤ በ1950ዎቹ ዓመታት የነዋሪዎቿ ቍጥር 50,000 ያህል ደርሶ ነበር። ከከተማዪቱ የግብር ገቢ ብዙው እጅ የሚገኘው ከፋብሪካው ነበረ፤ ትልቁም ሐኪም ቤት የፋብሪካው ነበረ። እንዲያውም በፋብሪካው አሴታልዴይድ የሚባለው ነገር የሚሠራበትን ዘዴ ያወጣው መሐንዲስ፥ ሐሺሞቶ ሂኮሺቺ፥ ኋላ በ1950 ዓ.ም. የከተማዪቱ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል። እንግዲህ ከተማዪቱና ፋብሪካው አንድ አካል ሆነው ይኖሩ እንደ ነበር ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

አሴታልዴይድ ብዙ ዓይነት ዕቃ የሚወጣበት ፈሳሽ ነው፤ ከዚህም አንዱ ፕላስቲክን የሚያለሰልሰው ቅመም ነው። ፋብሪካው ይህን ፈሳሽ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ ባዜቃን፥ ይኸውም ሜርኩሪ የሚባለውን ፈሳሽ ብረት፥ ለማፍጠኛነት ይጠቀምበት ነበር። ከባዜቃውም ጥቂቱ በሥራው መካከል ተለውጦ ሜቲል ሜርኩሪ የተባለ መርዝ ይሆናል። ፋብሪካው የታጠበበትን ውሃ ወደ ባሕር ወሽመጡ ይለቀዋል። በዚህ ሁኔታ ወደ ባሕሩ የገባው ባዜቃ ከ70 እስከ 150 ቶን እንደሚደርስ ይገመታል።

ባሕር ሰፊ ነው፥ መርዙ በውሃው ብዛት ይጠፋል ብሎ ማሰብ ለጊዜው ትክክል ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዓይን የማይታዩት የባሕር ነፍሳት መርዙን ይውጡታል፤ እነዚህን ትንሹ ዓሣ ይበላቸዋል፤ ትንሹን ትልቁ ይበላዋል፤ መርዙም ከአንዱ ሆድ ወደ ሌላው ሆድ በተላለፈ ቍጥር እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም። በመጨረሻ በማዕዱ ላይ ዓሣውን የሚያገኘው ሰው ከሁሉ የበዛውን ይቀበላል። ወደ አንጐል ገብቶም የማየት፥ የመስማት፥ የመናገርና የመራመድ ኃይልን ያጠፋል።

ምልክቱ አስቀድሞ የታየው በእንስሳት ላይ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዓሣ አጥማጆቹ መንደሮች ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ሲዞሩ፥ አንዳንዶቹም ወደ ባሕር ሲወድቁ ይታዩ ነበር። ሕዝቡም ድመቶቹ ይጨፍራሉ ይል ነበር። ከዚያም በ1956 ዓ.ም. የፀደይ ወራት፥ ለባሕሩ ቅርብ ከሆነ ቤት ሁለት እኅትማማች ሕፃናት ወደ ፋብሪካው ሐኪም ቤት መጡ፤ ታላቂቱ የ5 ዓመት ልጅ ነበረች። መራመድና መናገር ተስኗቸው፥ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር። የሐኪም ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ሆሶካዋ ሐጂሜ ሌሎችም እንደ እነርሱ የታመሙ እንዳሉ ደረሰበትና፥ በግንቦት 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ምክንያቱ ያልታወቀ የአንጐል በሽታ መነሣቱ ለጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ተነገረ። የሚናማታ በሽታ የታወቀበት ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ የሚታሰበው ይህ ዕለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብን የሚያሳዝነው የእናቶች ነገር ነው። የእንግዴ ልጅ መርዝን ከፅንሱ ይከለክላል ተብሎ በሐኪሞች ዘንድ ይታመን ነበር። በሚናማታ ግን ራሳቸው ጤነኞች የሚመስሉ እናቶች አንገታቸውን ማቅናት የማይችሉ፥ የማይናገሩ ሕፃናት ወለዱ። መርዙ ከእናቲቱ ወደ ልጁ እየተሻገረ፥ እርስዋ ከተመገበችው ብዙውን ፅንሱ ተሸክሞላት ነበር። ይህም በሐኪሞች ዘንድ የታመነው በ1962 ዓ.ም. ነው። በኋላ ዶክተር ሐራዳ ማሳዙሚና ባልደረቦቹ ይህንኑ በሌላ መንገድ አረጋገጡ። በጃፓን እናቶች የልጃቸውን እትብት አድርቀው በትንሽ ሣጥን ማስቀመጥ ልማዳቸው ነው፤ እነርሱም ከየቤቱ እትብቱን ለምነው ቢመረምሩት፥ በውስጡ የተገኘው መርዝ ፋብሪካው ብዙ ባመረተባቸው ዓመታት በዝቶ፥ ባነሰባቸው አንሶ ተገኘ። ፋብሪካው የደበቀው መዝገብ በእናቶች ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ያህል ስለ በሽታው ካልን፥ አሁን ስለ መደበቁ እንናገር፤ የከተማዪቱን ነፍስ ያቈሰለው ከመርዙ ይልቅ ይህ ነውና። በሐምሌ 1959 ዓ.ም. የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የበሽታው ምክንያት ባዜቃ መሆኑን አስታወቁ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዶክተር ሆሶካዋ ከአሴታልዴይዱ ክፍል የሚወጣውን ውሃ ከምግብ ጋር ቀላቅሎ ሲያበላት የነበረች አንዲት ድመት፥ ቍጥርዋ 400 የሆነው፥ እንደ ሰዎቹ ታመመች። ስለዚህ ኩባንያው እውነቱን ከገዛ ሐኪሙ ዐወቀ፤ ነገር ግን ምርመራው እንዲቆም አደረገ፥ ውጤቱም ተሰወረ። በታኅሣሥ ወር ውሃውን የሚያጠራ ነው የተባለ አዲስ መሣሪያ በሥነ ሥርዓት ተመረቀ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንትም በሕዝብ ፊት ከውሃው በብርጭቆ ጠጣ። መሣሪያው ግን ባዜቃን ለማስወገድ የተሠራ አልነበረም። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ከድኾቹ በሽተኞች ጋር የኀዘን መግለጫ ገንዘብ የሚባል ውል ተፈራረመ። ለሞተ ሰው 300,000 የን ይከፈላል፤ ነገር ግን ወደ ፊት በሽታው ከፋብሪካው የመጣ መሆኑ ቢታወቅ እንኳ ሌላ ካሣ አይጠየቅም ይላል። ይህ ውል ከመልካም ሥነ ምግባር ጋር የሚቃረን ስለሆነ ዋጋ የለውም ብሎ ፍርድ ቤት የሻረው በመጋቢት 1973 ዓ.ም. ነው።

በደሉ የኩባንያው ብቻ ቢሆን ኖሮ የከተማዪቱ ታሪክ አጭር በሆነ ነበር። በኅዳር 1959 ዓ.ም. ዓሣ አጥማጆቹ ተቈጥተው ወደ ፋብሪካው በገቡ ጊዜ፥ ከጥቂት ቀን በኋላ የከተማው ከንቲባ፥ የምክር ቤቱ ሰዎች፥ ነጋዴዎችና የሠራተኞች ተወካዮች ወደ አውራጃው አገረ ገዥ ሄዱ። የሄዱት ግን ውሃው ይቁምልን ለማለት ሳይሆን፥ ውሃው ከቆመ ፋብሪካው ይዘጋል፥ ፋብሪካው ከተዘጋ ከተማዪቱ ትጠፋለችና አታስቁሙብን ለማለት ነበር። እኒህ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ማለት አንችልም። ልጆቻቸው የሚበሉት ከፋብሪካው ነበር። እኛም በዚያ ቦታ ብንሆን ከማን ጋር እንቆም እንደ ነበር ለየራሳችን መልስ እንስጥ። ውሃው እስከ ግንቦት 1968 ዓ.ም. ድረስ መፍሰሱን አላቋረጠም። መንግሥትም የበሽታው ምክንያት ፋብሪካው መሆኑን ያመነው በመስከረም 1968 ዓ.ም.፥ የአሴታልዴይዱ ሥራ ከቆመ ከአራት ወር በኋላ ነው።

በዚህ መካከል ጐረቤት ከጐረቤት ተለያየ። በመጀመሪያ በሽታው ተላላፊ ነው ስለ ተባለ፥ በሽተኛ ያለበትን ቤት ሰው ይሸሸው ጀመር፤ ባለሱቆች ከበሽተኛው ቤተ ሰብ ገንዘብ በእጃቸው አይቀበሉም ነበር። ዓሣው እንዳይሸጥ ይሆናል ብለው ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው የታመመውን ልጃቸውን በጓዳ ደበቁ። ከ1973 ዓ.ም. በኋላ ለበሽተኞች ካሣ ሲከፈል ደግሞ ሌላ ክፋት ተጨመረ፤ እገሌ ሳይታመም ታመምሁ ብሎ ገንዘብ በላ የሚል ሐሜት በየደጁ ተሰማ። የሚናማታ ተወላጅ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የተወለደበትን ስፍራ ይሰውር ነበር፤ ጋብቻም ይፈርስ ነበር። የበሽታው ስም ይለወጥልን፥ ስማችን ጠፋ ብለው የጠየቁ ብዙዎች ነበሩ። አንድ ሕዝብ በአንድ ከተማ እየኖረ አንዱ ሌላውን የመከራው ምክንያት አድርጎ ሲያየው ብዙ ዓመት አለፈ።

የባሕሩ ጽዳት የተፈጸመው በዚህ ዘመን ነው። ከ1977 እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፥ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 25ና ከዚያ በላይ ባዜቃ ያለበት ደለል ከወሽመጡ እየተዛቀ፥ በብረት ግድግዳ በታጠረ ስፍራ ተከማችቶ በንጹሕ አፈር ተሸፈነ። የተዛቀውና የተሸፈነው ደለል አንድ ሚሊዮን ተኩል ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፥ ወጪው 48.5 ቢሊዮን የን ደረሰ። ቀድሞ ባሕር የነበረ 58 ሔክታር ስፍራ የብስ ሆነ፤ ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው። ዓሣው ከወሽመጡ እንዳይወጣ የተዘረጋውም መረብ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ተነሣ፤ ዓሣውም እንደሚበላ ተነገረ።

ሥራው ታላቅ ነው፤ እኛ ግን ብዙ አንቆይበትም። ምክንያቱም ባሕሩ ሲጸዳ ሰዎቹ እንደ ተለያዩ ነበሩ። በዚያው መናፈሻ ላይ ምን ይደረግ በሚለው ነገር እንኳ መስማማት አልተቻለም፤ በዘፈንና በርችት በዓል ይደረግበት የሚሉ ነበሩ፥ ከሥሩ የሞተ ዓሣና የሙታን መታሰቢያ አለና እንዴት ይሆናል የሚሉም ነበሩ።

ለውጡ የታየው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከተማዪቱ ለአካባቢ ጥበቃ አርአያ የምትሆን ከተማ ለመሆን መወሰንዋን አወጀች። ዐዋጅ ግን ርካሽ ነገር ነው፤ ዐዋጁን ሕይወት የሰጠው ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ነው። በግንቦት 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፥ በሽታው የታወቀበት ቀን ሲታሰብ፥ በዚያው ዓመት የተመረጠው ከንቲባ ዮሺይ ማሳዙሚ በበሽተኞቹና በሟቾች ቤተ ሰብ ፊት ቆሞ፥ ከተማው ሊያደርግላችሁ የሚገባውን ስላላደረገ ይቅርታ እንጠይቃለን አለ። ከተማውን ወክሎ በአደባባይ ይቅርታ የጠየቀ ከንቲባ ከእርሱ በፊት አልነበረም። በሽታው ከታወቀ 38 ዓመት አልፎት ነበር። ብዙዎቹ በሽተኞች ሰምተው አለቀሱ፤ ሌሎች ደግሞ ዘገየ አሉ። ሁለቱም እውነት ነው።

ከንቲባው በዚያ ቀን አንድ የዓሣ አጥማጆች ቃል አነሣ፤ እርሱም «ሞያይ» ነው። በባሕር ላይ ሁለት ታንኳ በገመድ ሲታሰር ሞያይ ይባላል፤ ገበሬዎች ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያግዝም፥ እኛ ደቦ እንደምንለው፥ ሞያይ ይባላል። የከተማዪቱን ሰዎች እርስ በርሳቸው ያስተሳስራቸው የነበረው ገመድ ተበጥሷልና እንደ ገና እንቋጥረው አለ። ከዚህ በኋላ በሽተኞችና ሌሎች ነዋሪዎች፥ የፋብሪካው ሠራተኞችና ዓሣ አጥማጆች አብረው የሚቀመጡባቸው ስብሰባዎች ተደረጉ፤ የመሰብሰቢያ ቤትም በዚሁ ስም ተሠራ። በእነዚህ ስብሰባዎች ብዙ ጭቅጭቅ እንደ ነበር የተካፈሉት ሰዎች ይናገራሉ። ለ40 ዓመት ያህል በሆድ የተያዘ ነገር በአንድ ምሽት ሊወጣ አይችልምና ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ሰው ከሰው ጋር የሚጨቃጨቀው በአንድ ጠረጴዛ አጠገብ ሲቀመጥ ነው፤ ከዚያ በፊት አብሮ መቀመጡም አልነበረም።

አሁን ወደ ቆሻሻው እንመለስ። ከነሐሴ 1993 ዓ.ም. ጀምሮ የሚናማታ ሰዎች የቤታቸውን ጥራጊ በ20 ዓይነት እየለዩ ማውጣት ጀመሩ፤ በኋላም ቍጥሩ ከዚያ አልፏል። በዚያ ዘመን በጃፓን እንኳ ይህን ያህል የሚለይ ከተማ ከቶ ጥቂት ነበር። ጠርሙሱ በየቀለሙ ይለያል፤ የብረት ጣሳ ከአሉሚኒየም ጣሳ፥ ጋዜጣ ከመጽሔት፥ መጽሔት ከካርቶን፥ አሮጌ ልብስ ለብቻው፥ የባትሪ ድንጋይ ለብቻው ይቀመጣል። ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፑልም ለብቻው ነው፤ በውስጡ ጥቂት ባዜቃ አለና። ያን ያህል መከራ ያመጣው ነገር በእያንዳንዱ ቤት ጣራ ሥር ተሰቅሎ እንደ ነበር የሚናማታ ሰዎች ያወቁት በዚህ አጋጣሚ ይሆናል ብለን እናስባለን።

ይህ ሥራ የሚፈጸምበትን ሁኔታ ልብ ማለት ይገባል። በወር አንድ ጊዜ በተወሰነ ቀን የሰፈሩ ሰዎች የታጠበውንና የተለየውን ዕቃ ይዘው ወደ አንድ ስፍራ ይመጣሉ። ተራ የደረሳቸው ጐረቤቶች ቆመው ይቀበላሉ፤ የተሳሳተ ካለ፥ ይህ ከዚህ ጋር አይሄድም ብለው ያርማሉ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ለሽማግሌዎች ይሸከማሉ፥ ይለያሉም። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ወደየሰፈሩ ተመልሶ ለጋራ ሥራ ይውላል። ማዘጋጃ ቤቱ በመኪና ሰብስቦ በመሣሪያ ቢለየው ምናልባት ይቀልል ነበር። ነገር ግን እንዲያ ቢሆን ኖሮ ለዓመታት ሰላምታ የተነፋፈጉ ሰዎች በወር አንድ ጊዜ በአንድ ቅርጫት ላይ ጐንበስ ብለው ጠርሙስ አይለዩም ነበር። በእኛ አስተያየት የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ከሚቃጠለው ቆሻሻ መቀነስ ይልቅ የምናደንቀውም ይህንኑ ነው። በሀገራችን ዕድርተኛ የሆነ ሰው፥ ከተጣላው ጐረቤቱ ጋር በአንድ ድንኳን መቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቅ ነገሩን ሳንዘረዝረው ይረዳዋል።

ከመለየት በኋላ፥ መጀመሪያውኑ ይህን ሁሉ ቆሻሻ ለምን ወደ ቤት እናስገባለን የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ጥያቄውን ያነሡት ሴቶች ናቸው። በ1997 ዓ.ም. የልዩ ልዩ የሴቶች ማኅበራት ተወካዮች ተሰብስበው የቆሻሻ መቀነሻ ጉባኤ አቋቋሙ፤ አትክልትና ዓሣ የሚቀርብበትን የፕላስቲክ ሳሕን ለመተው ከከተማው ትልልቅ መደብሮች ጋር ተነጋገሩ፤ መደብሮቹም ብዙ ዕቃ ያለ ሳሕን ለመሸጥ ተስማሙ። ይህን የሚያህል ስምምነት በአንዲት ትንሽ ከተማ ሴቶች መገኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዪቱ፥ መርዝ ሳይረጩ ሻይ ለሚተክሉ፥ ቅመም ሳይጨምሩ ትንንሽ ዓሣ ለሚያደርቁና እነርሱን ለመሰሉ ባለሙያዎች የአካባቢ ሊቀ ጠበብት የሚል ማዕርግ መስጠት ጀመረች። በመርዝ ስሙ የጠፋ ስፍራ ከሌላው አብልጦ ንጹሕ ምግብ በማቅረብ ስሙን እንዲያድስ ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በ1999 ዓ.ም. አይ ኤስ ኦ 14001 የተባለውን የአካባቢ አያያዝ ምስክር ወረቀት አገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የውጭ መርማሪ ከማስጠራት ይልቅ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ገብተው እንዲመረምሩት አደረገ። ቀድሞ በፋብሪካው በር ላይ የቆሙትን ዓሣ አጥማጆች ማንም መርምሩ ብሎ አላስገባቸውም ነበርና፥ ልዩነቱን አንባቢ ይመዝነው።

ዮሺሞቶ ተትሱሮ የተባለ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም የጀመረውን ሥራም ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። እርሱ የየሰፈሩን ሰዎች አስተባብሮ፥ የምትጠጡት ውሃ ከየት ይመጣል፥ የጣላችሁትስ ወዴት ይሄዳል ብሎ በእግራቸው እየሄዱ ካርታ እንዲሠሩ አደረጋቸው። ነዋሪዎቹም የጐደላቸውን ከመቍጠር ይልቅ ያላቸውን ምንጭ፥ ዛፍ፥ እርሻና ጥበብ በወረቀት አሰፈሩ። ሕዝቡ ወንዙን ከተራራው እስከ ባሕሩ በእግሩ ተከትሎ ማወቁ ኋላ ጠቀመው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ አንድ ኩባንያ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ላይ ታላቅ የኢንዱስትሪ ቆሻሻ መጣያ ለማድረግ ባሰበ ጊዜ፥ በዚያ የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። በ1959 ዓ.ም. ተከፍለው የነበሩት ወገኖች ልጆች አሁን አብረው ተቃወሙ፤ በ2006 ዓ.ም. መጣያውን የሚቃወም ከንቲባ ተመረጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ኩባንያው አሳቡን ተወ።

ከሁሉ በላይ ያስገረመን ግን ኦጋታ ማሳቶ የተባለው ዓሣ አጥማጅ ነው። ከሚናማታ በስተ ሰሜን ባለ የዓሣ አጥማጆች መንደር በ1953 ዓ.ም. ተወለደ፤ የ6 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በዚህ በሽታ ሞተበት፤ ራሱም መርዙ አልቀረለትም። አድጎ በሽተኞች እንዲታወቁላቸው ከሚታገሉት መሪዎች አንዱ ሆነ። በ1985 ዓ.ም. ግን በሽተኛ ተብሎ ለመታወቅ ያቀረበውን ማመልከቻ ራሱ አነሣ። ያሳሰበውም ይህ ነው፤ እኔ ዓሣ አጥማጅ ሳልሆን የፋብሪካው ሠራተኛ ብሆን ኖሮ፥ አይሆንም ብዬ እከለክል ነበርን? መኪና እነዳለሁ፥ በፕላስቲክ ዕቃ እጠቀማለሁ፤ ያ ፋብሪካ የሚሠራውን የምፈልግ እኔ አይደለሁምን? በመጨረሻም ያ ኩባንያ እኔ ራሴ ነበርሁ ወደሚል አሳብ ደረሰ። ከዚያም በእጅ የተሠራች የእንጨት ታንኳ አሠርቶ በባሕር ተጕዞ መጣና በፋብሪካው በር ፊት ብቻውን ተቀመጠ።

ይህ አሳብ አደገኛ ነው የሚሉ አሉ፤ በዳዩ ከተበዳዩ ጋር ተቀላቅሎ ዕዳው ይጠፋል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁሉም በድሏል ማለት ማንም አልበደለም ማለት ሊሆን ይችላልና። ኦጋታ ግን ኩባንያውን ነጻ አላወጣም፤ በገንዘብ የሚከፈልና በገንዘብ የማይከፈል ዕዳ አለ፥ ሁለተኛውን ደግሞ እኔም እካፈላለሁ ማለቱ ነው። የራሱን በደል የተናዘዘ ሰው ይሉኝታ ሳይዘው የሌላውን በደል በግልጥ ይናገራል፤ ያልተናዘዘ ግን ይወቅሳል እንጂ አይለውጥም። ኦጋታና ባልንጀሮቹ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሸፈነው ባሕር ዳር ላይ በገዛ እጃቸው የጠረቧቸውን ትንንሽ የድንጋይ ምስሎች አቆሙ። የጠራቢ ሥራ አይደሉምና ያማሩ አይደሉም። ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው፥ ከሥራቸው ያለውን ሁሉ፥ ሰውንም ዓሣንም ድመትንም፥ ያስታውሳሉ።

የከተማዪቱ ነገር ግን ተፈጸመ እንዳይባል የቀረውንም መናገር ይገባናል። በኩማሞቶና በካጎሺማ አውራጃዎች በሽተኛ ተብለው በሕግ የታወቁት ከ2,200 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ዐርፈዋል። ከዚህ ውጭ በልዩ ልዩ ድንጋጌ እርዳታ የተቀበሉ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ አሉ፤ በፍርድ ቤት የሚከራከሩም ነበሩ፤ በመስከረም 2023 ዓ.ም. የኦሳካ ፍርድ ቤት 128 ሰዎች በሽተኞች መሆናቸውን ፈረደላቸው። ይህ ሁሉ በሽታው ከታወቀ 67 ዓመት በኋላ ነው። ከተማዪቱም በ2011 ዓ.ም. የጃፓን የአካባቢ ጥበቃ መዲና የሚል ክብር ብታገኝም፥ ስለ ባዜቃ በ2013 ዓ.ም. የተፈረመውና በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የጸናው የዓለም ስምምነት በስሟ የሚናማታ ስምምነት ቢባልም፥ ወጣቶቿ ወደ ትልልቅ ከተሞች እየሄዱባት የነዋሪዎቿ ቍጥር ቀድሞ ከነበረው እኩሌታ በታች ወርዷል። መርዙም አልጠፋም፤ ከሣሩ በታች በብረት ግድግዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ ብረት ደግሞ ይዝጋልና ሁልጊዜ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

በግንቦት 1 ቀን 2024 ዓ.ም. ከመታሰቢያው በኋላ የበሽተኞች ተወካዮች ከሀገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ጋር ተገናኝተው ነበር። ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ተወስኖለት ስለ ነበር፥ አንድ ሽማግሌ በሕይወት ስለሌለችው ሚስቱ እየተናገረ ሳለ ጊዜህ አልቋል ተባለ፤ ድምፅ ማጉያውም ተዘጋበት። ነገሩ በሀገሩ ሁሉ ተሰማና ሚኒስትሩ ከሳምንት በኋላ ወደ ሚናማታ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ገመዱ አንድ ጊዜ ተቋጥሮ የሚቀር ሳይሆን በየጊዜው የሚላላ መሆኑን ከዚህ እናያለን።

በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ የታመሙት ልጆች ዛሬ 70 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ሲያጎርሷቸውና ሲያለብሷቸው የኖሩት እናቶች አብዛኞቹ የሉም። ከእነርሱም መካከል በከተማው ውስጥ አንድ ትንሽ የሥራ ቤት አቋቁመው አበባ እያደረቁ ካርድ የሚሠሩ አሉ፤ በተጠሩም ጊዜ በመንኰራኵር ወንበር ወደየትምህርት ቤቱ ሄደው፥ ቃሉ እየተሰናከለባቸውም ቢሆን፥ ስለ ሕይወታቸው ለልጆች ይናገራሉ። ለመናገር ብዙ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ልጆቹም ዝም ብለው ይጠብቋቸዋል።